የሦስት ዓመት ልክ

«ታናሽሽ ናት?» አለች ቲኬት ቆራጯ፣ ወደ ሚጢጢ እያየች።

ሎጋ አመነታች። ከኋላቸው የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። «አዎ፣ ታናሼ ናት» አለች።

ሚጢጢ የሕፃን ቲኬቷን ተቀብላ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ገባች። ፊልሙ ስለ ምን እንደነበር ብትጠየቅ አታውቀውም። አስራ አምስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ነው የቀራት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት ለተቀመጠችው ጓደኛዋ ግን በአንድ ቃል ታናሽ እህት ሆና አረፈችው።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣችም። የኋላ ወንበር ለመነች፤ በእረፍት ሰዓት ከክፍል መውጣት ተወች፤ ወደ ቤትም በጓሮው በር ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ሎጋ መጀመሪያ ሰሞን ፈለገቻት፣ ኋላ ግን ተወችው። ሚጢጢ የምትፈልገው ይህንኑ ይመስላት ነበር። ሲሆን ግን በጓሮው በር ስትወጣ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ታይ ጀመር።

ሌላው ሹራቡን አውልቆ ወገቡ ላይ ሲያስር እሷን ይበርዳታል። ትምህርት ሲጀመር ዓይኗ ይከደናል። አንድ ቀን የሂሳብ አስተማሪው ዴስኳን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ሌሊቱን ምን ስትሠሪ ነው የምታድሪው?» ሲላት ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ገና በጊዜ እንደተኛች ብትናገር ማን ያምናታል?

ነገሩ የገባት እናቷ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች። የሚጢጢ ዩኒፎርም ክርኑ ላይ ስለሳሳ አዲስ ልትሰፋላት ሜትሩን ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ዘረጋች። የልክ ደብተሯን ገልጣ አየችና ደግማ ለካች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

«ቀጥ ብያለሁ እኮ፣ እማዬ።»

የታናሽ ወንድሟ ልክ በየዓመቱ እየጨመረ ሄዷል። የእሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ያው አንድ ቁጥር ነው።

«ጨርቅ ቆጠበችልኝ እያልኩ ስቀልድ» አለች እናቷ ሜትሩን ቀስ ብላ እየጠቀለለች፣ «ምን ዓይኔን ጋረደው?»

በሳምንቱ ሆስፒታል ሄዱ። ደም ሰጠች፣ እጇን ራጅ ተነሳች፣ ጭንቅላቷንም በሚያጓራ ማሽን ውስጥ ተኝታ ታየች። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወደ እናትየው ሳይሆን ወደ ሚጢጢ ዞረች።

«ከአንጎልሽ ሥር ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታክል ዕጢ አለች። እደጊ ብላ የምታዝሽ እሷ ናት። አንገትሽ ላይ ያለውን ታይሮይድ የሚባለውን ዕጢም ሥራ የምትለው እሷው ናት። ያንቺዋ ትእዛዙን በበቂ አትልክም። ብርዱም፣ እንቅልፉም፣ አለማደግሽም የመጣው ከዚያ ነው። ስንፍና አይደለም።»

ስንፍና አይደለም። ሚጢጢ ቃሉን በልቧ ደገመችው።

«አድጋለሁ?»

«ታድጊያለሽ፣ ግን ቀስ እያልሽ። ሎጋ ትሆኛለሽ ብዬ አልዋሽሽም።»

ሚጢጢ ሳታስበው ሳቀች። ሐኪሟ ለምን እንደሳቀች አልገባትም።

ጠዋት በባዶ ሆዷ ኪኒን ትወስዳለች፤ ማታ ማታ ጭኗ ላይ መርፌ ትወጋለች። በመጀመሪያው ማታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ከጣቷ ያልተለያት እናቷ መርፌውን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። ሚጢጢ ተቀብላ ራሷን ወጋች።

ከሁለት ወር በኋላ ብርዱ ለቀቃት። አስተማሪው ሲናገርም ነቅታ ትሰማ ጀመር። ቁመቷ ገና ያው ነው። ባዶው ክፍል ውስጥ ግን እረፍቱ ከበፊቱ ረዘመባት፤ ድሮ ተኝታ ታሳልፈው ነበር፣ አሁን ሜዳው ላይ የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ አንድም አያመልጣትም።

እንዲህ ባለ አንድ ቀን ሎጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጆቹ ሆስፒታል አየናት እያሉ ነው። ጉንፋን ነው?»

አዎ ብትላት እዚያው ያበቃል። ሚጢጢ ግን ሁሉንም ነገረቻት፤ ዕጢዋን፣ ኪኒኑን፣ የማታ ማታውን መርፌ። ሎጋ ገብታ ዴስኳን ተደግፋ፣ መሬት መሬቱን እያየች አዳመጠች።

«ያን ቀን ሲኒማ ቤት» አለች በመጨረሻ፣ «የተሰለፉትን ልጆች አፍሬ ነው። አይ... ባንቺ ነው ያፈርኩት።»

«ምንም አይደለም» የሚለው ሚጢጢ አፍ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ምንም ስላልነበረ አልነበረም ብቻዋን የከረመችው።

«አውቄዋለሁ» አለች።

ሎጋ ዴስኩ ላይ ያለውን ጭረት በጥፍሯ ፋቀች። «ስላንቺ ብዙ ነገር ነው የሚያወሩት። እኔ ልናገርልሽ? አፋቸውን አስዘጋቸዋለሁ።»

ሚጢጢ ትንሽ አሰበች። «ተዪው። ስለ እኔ ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ አልፈልግም።»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪዎቹ እየተጋፉ ገቡ፣ የሂሳብ አስተማሪውም ተከተለ። ሎጋ ወደ ቦታዋ ሄደች። ሚጢጢ ግን አልተቀመጠችም፤ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ወደ ፊት ወጣች።

«ቲቸር» አለች፣ «ሳይጀምሩ አምስት ደቂቃ ይሰጡኛል?»