ባልዲው ውስጥ የተገኘው ትል

እንግዳው የሚባለው የሳይንስ ክበብ ጓደኛዋ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ባልዲው ውስጥ ሲከት ሐመልማል «ተው» ልትለው አሰበች፤ ግን ዘገየች። እጁን ሲያወጣ መዳፉ ላይ አንድ ቀይ የመሬት ትል ይጥመለመላል።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እንግዳው ትሉን አየው፤ ባልዲው ላይ በትልቁ «ያለ አፈር» ተብሎ የተጻፈውን አየ፤ ከዚያ እሷን አያት። ሐመልማል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የሳይንስ ክበቡ ሥራ ቀላል ነበር። የሁለቱም ችግኝ ያው ሰላጣ ነው፤ ምግቡም ያው ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ነው። የሚለየው ሥሩ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። የሐመልማል ችግኞች ሥራቸውን ባልዲው ውሃ ውስጥ ዘርግተው ያድጋሉ። እንግዳው ደግሞ ከሊማሊሞ መንገድ ዳር ጠጠር ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ሳጥን ሞልቶ እዚያ ላይ ተከለ። የተሻለው ከነባለቤቱ ባሕር ዳር ለውድድር ይሄዳል። ለትምህርት ብሎ ደባርቅ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የበየዳው ልጅ እንግዳው ባሕር ዳርን አይቶ አያውቅም።

ሐመልማል ገና ከመጀመሪያው አፏ አላረፈም። «ድንጋይ ላይ ሰላጣ? እናንተ አገር እንደዚህ ነው እንዴ የምታርሱት?» እያለች ስትቀልድበት ከረመች። እሱም አብሮ ይስቃል።

ፓምፕ ስለሌለ፣ ሥሩ አየር እንዲያገኝ የባልዲው ውሃ ጠዋት ማታ መማሰል አለበት። በመሀል የአክስቷ ልጅ ሠርግ ደረሰና ዳባት ሄደች። እንግዳውን «አማስልልኝ» ብትለው ይበቃ ነበር፤ ያን ሁሉ ከቀለደችበት በኋላ ግን እሱን መለመን ሞት መሰላት። መልሱ፣ ቅልቅሉ እያለች ሰንብታ ስትመለስ ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል፤ ቅጠሉም ተኝቷል።

እናቷ ጓሮ ውስጥ፣ ቡይት ራስ ላሉት የቱሪስት ሎጆች የምታቀርበው ሰላጣ አለ። ሐመልማል በማለዳ ጥቂት ነቀለች፣ ሥሩን ቧንቧ ላይ አጠበችና በሞተው ቦታ አስገባችው። በደንብ ያጠበች መስሏት ነበር።

ዛሬ የክበቡ ኃላፊ መምህር ታገኘ ያሸነፈው ባልዲው መሆኑን ሲናገሩ መጀመሪያ የጨበጣት እንግዳው ነው። እሱም ከእንግዲህ በውሃ ሊሞክር ፈልጎ፣ ሥሩ እንዴት እንደሆነ ላየው ብሎ ነበር እጁን የከተተው።

የመምህሩ ኮቴ ከኮሪደሩ ተሰማ። እንግዳው መዳፉን ጨበጠ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ መምህሩ።

«ምንም የለም፣ ቲቸር። ሥሩን እያየሁ ነበር። ቆንጆ ነው።»

ወጣ ብሎ ትሉን አጥሩ ሥር ለቀቀውና እጁን በሱሪው እየጠረገ ተመለሰ። ሐመልማል ፊቷ ጋለ። ቢጮህባት ኖሮ መልስ አታጣም፤ ከችግኙ ጋር መጥቶ ይሆናል ብላ ድርቅ ትል ነበር። እሱ ግን ሸፈነላት፤ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

መምህሩ ባልዲው መንገድ ላይ እንዳይገለበጥ ሳጥን እንደሚያስፈልገው ተናገሩና ወደ እንግዳው ዞሩ። «ጠጠሩን ድፋውና ያንተን ሳጥን አምጣው።»

«እሺ።» እንግዳው ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያዋን ችግኝ ነቀለ። ከሐመልማል ችግኞች ታንሳለች፤ ሥሯ ግን ነጭ ነው፣ ጠጠሮቹን እንደያዘ ወጣ። እንዳይጎዳት በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስተኛትና ወደ ሁለተኛዋ እጁን ሰደደ።

«ተዋት» አለች ሐመልማል። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ ደገመችው። «ሳጥኑን ተወው፣ እንግዳው። የሚደፋው የኔ ነው።»

«ምን ነካሽ?» አሉ መምህሩ።

ሐመልማል ከባልዲው ትልቁን ሰላጣ አወጣችና ውሃው እየተንጠባጠበ ከእንግዳው ችግኝ ጎን አስቀመጠችው። የተጠላለፈውን ሥር ከመሀል ፈለቀቀችው። የጓሯቸው ጥቁር አፈር ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።