ከኮታ የተረፈው ገብስ

ማመን አለማመን የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ይርጋነሽ ግን የምነግራችሁ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው። በደርግ ጊዜ፣ በዐቢይ ጾም፣ ከቢቸና በላይ ባለው ደጋ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም...

ጨለማ የለም። ጅብ የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ያን ዓመት ለመንግሥት የሚገባ የእህል ኮታ መጣብን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አካለ ወልድ ደጃችን ቆሞ "ንጹሕ ገብስ ብቻ! ግርዱን ለራሳችሁ!" አለ። አፉን ይዝጋውና!

እኔና አማቴ፣ እሜቴ ወለተ ገብርኤል፣ በሰፌድ ስናበጥር ሰነበትን። ንጹሑ ለኮታ። ግርዱ ለእኛ።

ግርዱ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ፍሬ አለበት። የአይጥ ኩስ ይመስላል፤ ግን ረዘም ያለ ነው፣ ጫፉ የተቆለመመ።

"እሜቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የሲናር ፍሬ ነው። እሳት ያየ እህል ሰው አይገድልም። ፍጪው።"

ፈጨሁት፤ ጋግሬ በላን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሌላ እህል አልነበረንም።

መጀመሪያ ዶሮዎቹ... ከግርዱ በተንኩላቸው። ቀርበው አዩት። ትተውት ሄዱ። የራበው ዶሮ እህል ትቶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ጡቴ ደረቀ።

ልጄ ሰብለ ወንጌል ገና እንቦቀቅላ ናት። ትስባለች፣ ትስባለች... ጠብ የሚል የለም። ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ላብድ ደረስኩ።

እሜቴ ከዚያው ዱቄት ሙቅ ሠርተው፣ መዳፋቸውን አጎድጉደው ሊግቷት ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ያዝኩት።

"ይተዉ እሜቴ! ዶሮ እንኳ ያልነካውን..."

"የልጄን ልጅ በረሃብ ልትገድያት ነው?"

"እናቷ እኔ ነኝ!"

ከዚያ ወዲያ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጠላት ሆንን። ልጄን ከጀርባዬ አላወርድም። እሳቸውም ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አያነሡም። ሙቁን በየቀኑ ያሞቃሉ... ይጠብቃሉ።

ባሌ ፋንታ ደግሞ "እግሬን ጉንዳን ወረረው" ይል ጀመር። አየሁለት፤ ምንም የለም። "አቃጠለኝ" ይላል። ስነካው በረዶ ነው። በኋላ ጭራሽ ማማረሩንም ተወ፤ ዳነ ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ቀን በስምንት ሰዓት ውኃ ቀድቼ ስመለስ... የጥብስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

በሁዳዴ! "የትኛው ከሃዲ ነው ሥጋ የሚጠብሰው?" እያልኩ ገባሁ።

ፋንታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ ጅራፉን ይገምዳል።

"ፋንታ... ምንድን ነው የሚሸተው?"

"እኔም ሸቶኛል። ከጎረቤት ይሆናል።"

ዝቅ ብዬ አየሁ። ቀኝ እግሩ ፍም ውስጥ ነበር።

ኡኡ አልኩ። ጎረቤት ደርሶ በቃሬዛ ቢቸና ክሊኒክ አደረሰልኝ። ሐኪሙ የሌላኛውን እግር ጣቶች አየ። ጠቁረዋል፣ ደርቀዋል። አንዱን ነካ ሲያደርገው... እጁ ላይ ቀረ። ደም የሚባል የለም።

"ምንድን ነው የምትበሉት?" አለኝ በሹክሹክታ።

ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጥቁሩ ፍሬ ሻጋታ ነው። መርዝ ነው፤ ጡት ያደርቃል፣ እግር ያደነዝዛል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። እሳት አያጠፋውም። ለልጅቷ ሰጥታችኋታል?"

"በማርያም! አንዲት ጉንጭ አልቀመሰችም!"

"እንግዲያው የላም ወተት ስጫት፤ ትተርፋለች። ዱቄቱን ግን ቶሎ አምጪልኝ፣ ሌላ ሰው ሳይበላው።"

ያኔ ነው የገባኝ። ለኮታ ስናበጥር መርዙን በገዛ እጃችን ለይተን ጓዳችን አከማችተን ኖሯል። ንዴቴ ዛሬም አልበረደልኝም።

በማግስቱ ልጄን አዝዬ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል...

"እሹሩሩ... ብዪ የኔ እናት... ብዪ..."

እሜቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ሙቅ ይግቱታል።

"እሜቴ... ማንን ነው?"

ዞር አላሉም። "አንቺ ብትከለክዪኝ ሰብለ ራሷ መጣችልኝ።"

እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ። ልጄ አለች። ትሞቃለች። ትተነፍሳለች።

"እሜቴ፣ ሰብለ እኮ እኔ ጋ ናት..."

"ዝም በይ። እየዋጠች ነው።"

መዳፋቸው ሙቅ እንደያዘ ነጠላው ውስጥ ገባ። ሲወጣ ባዶ ነው። የመዋጥ ድምፅ ሰማሁ... አንዴ። ደገመ።

ሮጬ መውጣት ፈለግሁ። ዱቄቱን ሳልይዝ ግን እንዴት ልሂድ?

ከነጠላው ውስጥ ትንሽዬ እጅ ወጣች። መዳፏን አጎድጉዳ ሙቅ ይዛለች። በእሜቴ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ እኔ ዘረጋችው።

ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጄ ወደዚያች እጅ ተንጠራራች።