ከሦስተኛው ፎቅ የታየው ማማ

ቆቅ ወደ ሥዕል አዳራሹ ሲገባ ካታሎጉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነበር። በካታሎጉ ገጾች መሐል ድንበር የሚያሻግር የይለፍ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተለጥፏል።

ሴትዮዋ አስተርጓሚ ናት። የምትሠራው ከአደባባዩ ጀርባ ባለው ግራጫ ሕንፃ፣ በጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። እዚያ የሚባለውን እየሰማች ለእነ ቆቅ ስታቀብል ዓመታት አልፈዋል። አሁን ከአስተርጓሚዎቹ አንዱ ምስጢር እንደሚያወጣ ታውቋል። የትኛው እንደሆነ ግን ገና አልተለየም። ነገ ጠዋት አንድ በአንድ ሊመረመሩ ነው። ዛሬ ካልወጣች አለቀላት።

ሥራው ቀላል ነበር። እሷ የድልድዩ ሥዕል ፊት ትቆማለች። «ይሄ ሰፈር አሁንም አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እሱ «ድንጋዩ አለ፣ ሰዎቹ ሄደዋል» ይላታል። ካታሎጉን ይሰጣታል። ወጥታ ወንዙ ዳር ወደሚጠብቃት የአሸዋ መኪና ትሄዳለች። በቃ።

ሲያወሩት ሁሉም ሥራ ቀላል ነው።

አዳራሹ ሞቅ ብሏል። የከተማዋ ሰው በየቀኑ የሚረግጠውን ድንጋይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለማየት ጫማውን አስጠርጎ መጥቷል። የሰዓት ማማው አለ። ባለ ሦስት ቅስቱ የድንጋይ ድልድይ አለ። የመዳብ ቀጥቃጮች ሰፈር፣ የጥንቱ መታጠቢያ ቤት ጉልላት፣ በደረጃ የሚወረደው የቆዳ ፋቂዎች መንገድ፣ ሁሉም አለ። አንዲት ሴት የባሏን ክንድ ይዛ «ያቺ የኛ መስኮት ናት፤ መጋረጃዬን አጥቦ ነው የሳለልኝ» ትላለች። ባሏ ሳቀ። ቆቅም ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ መስኮቷን የሳለው እሱ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህች ከተማ ሰዓሊ ሆኖ ኖሯል። ማማው ሥር ሸራውን ወጥሮ ይቀመጣል፣ ይስላል፣ ይሸጣል። ሰዉ «ሰዓሊው» ይለዋል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅለት የለም። ማታ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይቆልፋል፣ የውጪውን ኮቴ ያዳምጣል። አንዳንድ ቀን ከምሽት እስከ ጠዋት አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያነጋል። ብቸኝነቱ የሥራው ግማሽ ነው ብለው ነግረውት ነበር። ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ አልነገሩትም።

የላኩት ሰዎች ጓደኛ አትያዝ ብለውት ነበር። አንድ ያዘ።

ጢሞ እውነተኛ ሰዓሊ ነው። ጢሙ ደረቱ ድረስ ስለሚወርድ ሰፈሩ በሙሉ ጢሞ ይለዋል፤ ቀለም ሲነካው ሰማያዊ ጢም ይዞ ሲዞር ይውላል። የቆቅን መልእክት በተጠቀለለ ሸራ ውስጥ የሚያደርስለት እሱ ነበር። ምሳ አብረው ይበላሉ። አንዱ ሲስል ሌላው ይነተርከዋል። በቅርቡ ጢሞ ለሳምንታት ጠፋና ከስቶ ተመለሰ። «አክስቴ ታማ ነው» አለ። ማስታመም ያከሳል፤ ቆቅ አመነው።

አሁን የጢሞ አዲስ ሥዕል ፊት ደረሰ።

የሰዓት ማማው ነው። ጠዋት ነው። ጥላው አደባባዩን አቋርጦ ተኝቷል። ቆቅ ፈገግ ማለት ጀመረ፤ ፈገግታው ግን መንገድ ላይ ቀረ።

የሚታየው የማማው ጀርባ ነው። ያውም ከላይ ወደ ታች። የመታጠቢያ ቤቱ ጉልላት በማማው ግራ ብቅ ብሏል፤ መሬት ላይ ቆሞ ጉልላቱን በዚያ በኩል ያየ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ጥላ ደግሞ ከጭንቅላት ተፈልጎ አይሣልም። ጢሞ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ይህንን እያየ ኖሯል። በዚያ በኩል ከፍ ያለ ቤት አንድ ብቻ ነው። ቆቅ ከፍታውን በዓይኑ ለካ። ሦስተኛ ፎቅ።

ግራጫው ሕንፃ።

ዞር አላለም። በሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ጎንበስ ያለ መስሎ አዳራሹን ቃኘ። አንዱ በሩ ላይ። አንዱ መስኮቱ ጋ። ሁለቱ ከመሐል። ሥዕል ሊያዩ መጥተው ሥዕል አያዩም። አንደኛው ለይምሰል እንኳ ወደ ግድግዳው አልዞረም።

«አየኸው» አለ ከኋላው የሚያውቀው ድምፅ።

ጢሞ ነው። የካታሎግ ቁልል ታቅፎ ለእንግዶች ያድላል፤ የዛሬው ተረኛ አስተናጋጅ እሱ ነው።

«አየሁት» አለ ቆቅ ዓይኑን ከሥዕሉ ሳያነሳ። «ጥሩ ብርሃን ነው። ከየት ሆነህ ነው?»

ጢሞ ለሚያልፍ እንግዳ ካታሎግ አቀበለ።

«ከየት ሆነህ ነው ያልኩህ።»

«ታውቃለህ።»

«መቱህ?»

«አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ብቻዬን ተዉኝ። በቃ። ምግብ በበሩ ሥር ይገፋሉ፣ ይሄዳሉ። ስጮህ ዝም። ስሰድባቸው ዝም። መጨረሻ ላይ አንዱ ገባና ‹እንዴት አደርክ?› አለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ነገርኩት።»

«እኔን?»

«ሌላ ማን አለኝ የምነግረው?»

ቆቅ ሊጠላው ፈለገ። መጥላትም ነበረበት። ነገር ግን ያንን ክፍል ያውቀዋል፤ የሱም ክፍል ያው ነው፣ የሱ የሚቆለፈው ከውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ጢሞ አንጀቱን በላው። ለመናደድ እንኳ ጊዜ አልነበረውም።

«ለምን ሰቀልከው ታዲያ?»

«ሌላ ልስል ሞክሬ ነበር። ድልድዩን ጀመርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። እንድታየው ይሁን እንዲወጣልኝ፣ እንጃ።»

«እነዚህ ምን ይጠብቃሉ?»

«አንተን አይደለም። ዛሬ በካታሎግ እንደምታቀብል ከመልእክትህ አንብበዋል፤ የሚጠብቁት የምትሰጠውን ሰው ነው። ወንድ ይሁን ሴት አያውቁም። እኔም አላውቅም።»

በዚህ መሐል አስተርጓሚዋ ገባች።

መነጽሯን አስተካከለች። በሩ ላይ የቆመው ሰው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አላት፤ የሥራ ባልደረባው ናት፣ ከሕንፃው ዛሬ ያልመጣ ሰው የለም። እሷም ሰላም አለችው። ከዚያ ሳትቸኩል ወደ ድልድዩ ሥዕል አቀናች።

ቆቅ አሰበ። ካታሎጉን ከሰጣት ዛሬ ይይዟታል። ካልሰጣት ነገ። ሦስተኛም መንገድ አለ። ሦስተኛው እብደት ነው።

ሰዎቹ የሚያዩት እሱን ነው። ጢሞን አያዩትም፤ ጢሞ የነሱ ሰው ነው።

እጁን ዘርግቶ ጢሞን አቀፈው። በዐውደ ርዕይ ቀን ሰዓሊ ሰዓሊን ቢያቅፍ ብርቅ አይደለም። ካታሎጉ ከብብቱ ወጥቶ ከቁልሉ ላይ አረፈ። ጢሙ ጉንጩን ኮሰኮሰው። ለሦስት ዓመት ያቀፈው ሰው እንዳልነበረ ያኔ ነው ያወቀው።

«የላይኛው» አለ በጆሮው። «ድልድዩ ጋ ያለችው፣ ባለ መነጽሯ። ‹ይሄ ሰፈር አሁንም አለ?› ካለችህ፣ ‹ድንጋዩ አለ፣ ሰዎቹ ሄደዋል› በላት። ስጣት።»

የጢሞ ትከሻ ደረቀ። «እንዲህ አድርገህ ታምነኛለህ?»

«አላምንህም። እኔስ ሌላ ማን አለኝ?»

«ይገባቸዋል እኮ። መልሰው እዚያ ክፍል ነው የሚከቱኝ።»

«ሰጥተሃት በጓሮ በር ውጣ። በቆዳ ፋቂዎቹ መንገድ ወርደህ ወንዙ ዳር። የአሸዋ መኪና አለ። እጠብቅሃለሁ።»

«እሺ።»

«ትመጣለህ?»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

ቆቅ ለቀቀው። ከግድግዳው የራሱን ትንሽ ሥዕል አወረደ፣ በጋዜጣ ጠቀለለ፣ ሁሉም እንዲያየው አድርጎ ደረቱ ላይ አቀፈና በዋናው በር ወጣ።

ከኋላው ኮቴ ሰማ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

አራተኛው አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል።

ወደ መዳብ ቀጥቃጮች ሰፈር ታጠፈ። አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይያዛል፤ የሚቸኩል ሰው ግን ይከተሉታል። መዶሻው ከግራም ከቀኝም ጆሮ ይበጥሳል። ወደ መጨረሻው ጠባብ ቅያስ ገባ። ሰዎቹ መግቢያው ላይ ቆሙ። ልክ ናቸው፤ ቅያሱ መውጫ የለውም። ይህንን ያወቁት ከራሱ ሥዕሎች ነው፤ ገዝተው ቢሮአቸው ሰቅለዋቸዋል። ወሬውን ያቀበለችው አስተርጓሚዋ ነበረች።

ቆቅ ይህንን ቅያስ ደጋግሞ ስሎታል። በሁሉም ሥዕል ላይ ግን አንዲት ነገር ትጎድላለች፦ ከመጨረሻው ሱቅ ጀርባ ያለችው ዝቅተኛ በር። መውጫህን አትሳል፤ የመጀመሪያው ትምህርቱ ይኸው ነበር። ቀጥቃጩ ቀና ብሎ አየውና ወደ መዳቡ ተመለሰ። ቆቅ ሥዕሉን ሱቁ ውስጥ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ።

እነሱ ቅያሱ አፍ ላይ ሲጋራ ለኩሰው የሚቀበለውን ሰው ይጠብቁ ነበር።

የአሸዋ መኪናው መሪ ላይ የተቀመጠው አጎት ነው። አለቃው። አጎት የማንም አጎት አይደለም፤ ስሙ ነው እንጂ።

«ካታሎጉስ?»

«ሰው ይሰጣታል።»

«ማን?»

ቆቅ ነገረው። «አብደሃል» አለ አጎት። «ከኛም አልፈህ ይችን መኪና ሸጠሃታል።»

«ሊሆን ይችላል።»

ተቀመጡ። ወንዙ ላይ ፀሐይ እየቀላች ነው። በደረጃው መንገድ ላይ አንድ ሰው በወረደ ቁጥር የቆቅ ልብ አብራ ትወርዳለች። ውሃ የቀዱ ሴቶች አለፉ። አንድ ሽማግሌ በከዘራ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም የለም።

ከዚያ መነጽር።

ብቻዋን ናት። ካታሎጉን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ቆቅ ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«ሰጠሽ?»

«ሰጠኝ።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ቃሉን በትክክል ነገረኝ። ልወጣ ስል ያ በሩ ላይ ያለው ሰው ከካታሎጉ መሐል ብቅ ያለ ወረቀት አይቶ ወደ እኔ መጣ። እጁን እንኳ ዘርግቶ ነበር። ያኔ ያ ባለ ጢሙ ሰውዬ የራሱን ሥዕል ከግድግዳው ነቅሎ መሬት ላይ ከሰከሰው። ረገጠው። ‹ይህንን ያየሁት ከናንተ መስኮት ነው› እያለ ይጮሃል። አዳራሹ ተገለበጠ። ሰውየው እኔን ትቶ ወደሱ ሮጠ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወጣሁ። ዞር ብዬ አላየሁም።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይቅርታ አድርግልኝ። አላየሁም።»

አጎት ሞተሩን አስነሳ። «ግቡ።»

«አንድ ሰው ይቀራል» አለ ቆቅ።

«ማንም አይቀርም።»

«በጓሮ በር እንዲወጣ ነግሬዋለሁ። እሺ ብሎኛል።»

«ልጄ» አለ አጎት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ብሎት አያውቅም። «ግባ።»

ቆቅ ደረጃውን አየ። ባዶ ነበር። ገባ። ከመምሸቱ በፊት ድንበሩን ተሻገሩ፤ አስተርጓሚዋ ዳነች። አጎት በሪፖርቱ ላይ ሥራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ብሎ ጻፈ። ስለ ጢሞም እንዲጽፍ ቆቅ ጠየቀው። «ምን ብዬ? ከሃዲ ነው ልበል ወይስ ጀግና?» አለ አጎት። «ለሁለቱም የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

ቆቅን ሌላ ስም ሰጥተው ወደ ሌላ ከተማ ላኩት። ብሩሽ እንዳይነካ ከለከሉት፤ እጁ ይታወቃል። በአንዲት አሮጊት የመስታወት ሱቅ ተቀጠረ። ለመስኮት የሚሆን መስታወት ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ማታ ማታ ክፍሉ ገብቶ ይቆልፋል። ጠዋት ሲነቃ ጢሞ በዚያ በሦስተኛው ፎቅ ክፍል ውስጥ ምን እያየ እንደሆነ ያስባል። መስኮቱንስ ትተውለት ይሆን ይላል።

አንድ ቀን አሮጊቷ ሲሠራ ስታየው ቆየችና «ሰው የለህም እንዴ ልጄ? አንድም ቀን የሚጠይቅህ አላየሁም» አለችው።

የተሰጠው መልስ ነበረው። ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተዋል፣ እሱ ጨዋታ አይወድም። እንደ ውሃ ሸምድዶታል።

«አንድ ጓደኛ አለኝ» አለ።

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

«አያስወጡትም።»

አሮጊቷ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «አንተ ሄደህ ጠይቀዋ።»

«አልችልም እማማ። እኔ ነኝ እዚያ የከተትኩት።»

እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። ትከሻውን ዳሰስ አድርጋው ወደ ጓዳ ገባች።

የሥራው ደንብ ግልጽ ነው፦ ስለ ራስህ አንዲት እውነት ካመለጠችህ፣ ከተማውን ለቀህ ውጣ። በማግስቱ አሮጊቷ ሱቋን ስትከፍት ቆቅ አውቶቡስ ላይ ነበር። የሠራበትን አልተቀበለም፣ ደህና ይሁኑም አላላት። ከዚያ ወዲህ በየደረሰበት ሰው አለህ ወይ ብለው ሲጠይቁት የለኝም ይላል። እውነቱን ነው።