ዶሪን በየትኛው ጎኗ ተኛች?

ዶሪን ሞታ የተገኘችው ደወሏን በምትደውልበት ቀን ጠዋት ነው። የጨረር ሕክምናውን የጨረሰ ሁሉ ሆስፒታሉ ውስጥ የተሰቀለውን ደወል ይደውላል፣ ነርሶቹም ያጨበጭባሉ። ለእሷ ግን ፖሊስ መጣላት።

ሳጅን ኮሌት አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አለች። ዶሪን በቀኝ ጎኗ ተኝታለች፤ ብርድ ልብሷ እስከ አንገቷ ተስቧል። ዓይኗ ውስጥ የደም ነጠብጣብ አለ፤ በትራስ ታፍናለች ማለት ነው። ካንሰሩ ጡትን የሚያቀላና የሚያሳብጥ፣ ቆዳ ውስጥ የሚሸሸግ ክፉ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ጡቶቿ ተቆርጠው፣ የታመመው ጎን ቆዳ በጨረር ተቃጥሏል። ኮሌት የሌሊት ልብሷን ከቀኝ ደረቷ ስታላቅቀው ቆዳውን ይዞ መጣ።

በረዶው ሌሊቱን መንገድ ዘግቶ ስለነበር ቤቱ ያደሩት ሦስት ናቸው።

ባሏ ግሌን «በየማታው በገዛ እጄ ቅባት እቀባት ነበር!» እያለ ያነባል። እሷ ከታመመች ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ላዛኛ ሲያመላልሱለት ጉንጩ ሞልቷል፤ ሐዘን ተስማምቶታል።

እኅቷ ራሞና አፏን አጣመመች። «እሱ ሊቀባት? የምቀባት እኔ ነኝ፣ ቀኝ ደረቷን። እሱማ ሸተተችኝ ብሎ ሳሎን ነው የሚያድረው! ዛሬ ደወሉ ሥር፣ በሰው ፊት፣ ይህንኑ ተናግራ ልትፈታው ነበር።»

«ያውቅ ነበር?»

«ትናንት እራት ላይ ነገረችዋ።»

በበጎ ፈቃድ ሆስፒታል የሚያመላልሳት ሽማግሌው ሆርስት ደግሞ፣ «ከኋላዬ ነበር የምትቀመጠው» አለ። «ከፊት ስትሆን ቀበቶው ቀኝ ትከሻዋ ላይ እያረፈ ያስጮኻታል፣ ምስኪን።»

ኮሌት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ካፈናት በኋላ በእንቅልፏ የሞተች እንድትመስል በጎኗ አስተኛት። በደህናው ጎኗ ያስተኛት መስሎታል። ግን ልብስ እንኳ የማይነካውን ጎን ነው ፍራሹ ላይ የጫነው። ስለዚህ የቱ ጎን እንደተቃጠለ የማያውቅ ሰው ነው። ራሞናና ሆርስት፣ እናንተ የቱ እንደሆነ ለየብቻ ነግራችሁኛል። አቶ ግሌን፣ እርስዎ ቅባቱን የት ነበር የሚቀቡት?»

«ግራ ደረቷ ላይ ነዋ!»

ሆርስት አቀረቀረ።

«ቀኝ ነው» አለች ኮሌት፣ ካቴናውን እያወጣች።

«ግራ ነው እንጂ! መታጠቢያ ቤት ቆማ፣ በበሩ ክፍተት፣ መስታወቱ ውስጥ በዓይኔ አይቻታለሁ!» ካለ በኋላ አፉን በእጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው!

ራሞና ተጠግታው ፈገግ አለች።

«አየህ ግሌንዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አይተሃት ቢሆን ኖሮ፣ ገድለሃት ታመልጥ ነበር።»