የአንካሳዋ ዶሮ ድርሻ

አቶ አብዱሰመድ በዶሮ ቤታቸው ደጃፍ በግንባራቸው ተደፍተው ሲገኙ፣ የአቃቂ ጎረቤት ጥፋተኛውን ለማወቅ ሩብ ሰዓት እንኳን አልፈጀበትም። ጋዲሴ ናት ተባለ። የቅንቅን መድኃኒቱን ገዝታ ያመጣችው እሷ፣ ከጓሮ ክፍል ተከራይታ ዶሮዎቹን ከሽማግሌው ጋር የምትንከባከበው እሷ፣ የሚሟገትላት ዘመድ የሌላትም እሷ። ሰው ሲሞት ጥፋቱን የሚሸከም ትከሻ ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ከጓሮ ክፍል ነው።

ኢንስፔክተር ሳፊያ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ፣ እጇ በልብስ አጠባ የሻከረው ጋዲሴ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማ ነበር። የሟች ብቸኛ ልጅ ፈርሃት ሚኒባሱን ተደግፎ ያለቅሳል። የሚኒባሱ አንዱ የፊት መብራት በዕድሜ ደብዝዟል፤ ሌላው ገና ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል። ሳፊያ ሁለቱንም አስተዋለች።

«ጀናዛው ከዙህር ሶላት በፊት መቀበር አለበት» አላት ፈርሃት። «ይቺ ሴትዮ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ ሳትነግረው መርዝ ሰጠችው። ሲረጭ አፈነው። ይኸው ነው።»

«ምኑን ሲረጩ?»

«ዶሮዎቹን ነዋ! ቅንቅኑ ያለው እነሱ ላይ አይደል?»

«የግቢው በርስ?»

«ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር። ከእኔ፣ ከጋዲሴና ሱቋን ከተከራየው ከረሻድ ሌላ ያደረ ሰው የለም።»

«አስከሬኑ ለምርመራ ይሄዳል» አለች። «ቀብሩ ይቆይ።»

ፈርሃት ማልቀሱን አቆመ።

ሳፊያ ጎንበስ ብላ ወደ ዶሮ ቤቱ ገባች። እናቷ ዶሮ አርቢ ስለነበረች ሽታው አልከበዳትም። መርጫው ከሟች እጅ አጠገብ ወድቋል። ደጃፉ ላይ መሬቱ በመድኃኒት ረጥቧል። ከአሥራ ሦስት ዶሮዎች አንዷ ታቅፋለች፣ ሌሎቹ ጥግ ይዘው ይንጫጫሉ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። አሥራ አራተኛዋ፣ አንድ እግሯ የተጣመመው፣ ውጭ ከሽማግሌው መቀመጫ ዱካ ሥር ሞታለች። አጠገቧ የሰርዲን ቆርቆሮ አለ። ሳፊያ ቆርቆሮውን አንስታ አሸተተችና በጥንቃቄ አሽጋ አስቀመጠችው።

ከዚያ ነጭ ሶፍት ከቆጡ ሥር፣ በእንጨቱ ስንጥቅ ላይ ጎተተችበት። ሶፍቱ በተጨፈለቁ ቅንቅኖች ደም ተዥጎረጎረ፤ የተረፉት እጇ ላይ ሮጡ። እንቁላል የሚጥሉበትን ሳጥን ልትፈትሽ እጇን ከታቀፈችው ዶሮ ሥር ስትከት ግን ያገኘችው ቅንቅን ብቻ አይደለም። በፌስታል የተጠቀለለ የመኪና መብራት ስብርባሪም ወጣ።

ረሻድ በግቢው የመንገድ ዳር ሱቅ የሚያድር፣ እዚያው የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ፣ ሃምሳ የተሻገረ የስልጤ ሰው ነው።

«መድኃኒቱን ለጋዲሴ የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም» አለ። «ግን ለሁሉም የምለውን ብያታለሁ፤ መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስወጡ፣ እንቁላሉን አንሱ፣ ከዚያ እንጨቱን በደንብ አርሱት። ይሄ ቅንቅን ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ማታ ነው ወጥቶ ደም የሚመጠው።»

«ለጋሼም እንደዛው ነገርኳቸው» አለች ጋዲሴ። «ዛሬ ከሰዓት አብረን ልናስወጣቸው ነበር። እኔን ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ?»

«ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ምን ያደርጋሉ?» አለች ሳፊያ።

«ማታ የዘፈዘፉትን አብሽ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይመቱና እዚች ዱካ ላይ ሆነው ይጠጣሉ። ትራፊው የአንካሳዋ ነው፤ ሌሎቹ ስለሚገፏት በቆርቆሮዋ ለብቻዋ ይሰጧታል።»

«ኩባያውንስ?»

«እሳቸው ኩባያ አጥበው አያውቁም፤ እኔ ነኝ የማጥበው። ዛሬ ግን ታጥቦ ተደፍቶ አገኘሁት።»

ሳፊያ ሦስቱንም ግቢው መሀል አቆመቻቸው። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጓል።

«ይህ ቤት አልተረጨም» አለች ሶፍቱን ዘርግታ። «ቆጡ ደረቅ ነው፤ ቅንቅኑም በሕይወት አለ። አቶ አብዱሰመድ ሲረጩ አልሞቱም። መድኃኒቱን ደጃፉ ላይ ያፈሰሰው ሌላ ሰው ነው። ዶሮዎቹ ውስጥ እንዳሉ፣ እንጨቱን ሳይነካ። ጋዲሴ ወይም ረሻድ አደጋ ለማስመሰል ቢፈልጉ መጀመሪያ ዶሮዎቹን ያስወጡ ነበር። ቅንቅን ቀን ቀን ዶሮ ላይ የሚውል የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እዚህ ቤት ተወልዶ አድጎ፣ አንድ ቀን እንኳን አባቱን ለማገዝ እዚህ ጎንበስ ብሎ ያልገባ ሰው።»

«ስለ ዶሮ ስለማላውቅ ነው ነፍሰ ገዳይ የምታደርጊኝ?» አለ ፈርሃት።

«በእሱ ብቻ ማንንም አላስርም። አሥራ ሦስቱ ደህና ሆነው አንዷ ለምን ሞተች? ከሽማግሌው ጋር አብሽ የምትካፈለው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። አብሽ መራራ ነው፤ ጣዕሙ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ኩባያውን አጥበሃል። ቆርቆሮዋን ግን አላወቅካትም። ትራፊው አሁንም መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል።»

ፌስታሉን ከፈተች።

«ባለፈው እሑድ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ሁንዴ የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ከኮዬ ፈጬ ወደ ሥራ ሲመጣ ተገጭቶ ሞተ። ሾፌሩ አልቆመም። የዚህ መብራት ሌላው ግማሽ እኛ ጣቢያ ነው ያለው።»

ፈርሃት ጮኸ።

«ሰኞ አብረን እንሄዳለን፣ ራስህ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ አለኝ! የገዛ ልጁን! አሳልፎ ሊሰጠኝ ነበር!»

«ሊሰጥህ የፈለገ ሰው ስብርባሪውን ለእኔ ያመጣልኛል» አለች ሳፊያ። «አባትህ አንተ የጣልከውን ለቅመው፣ አንተም እኔም እጃችንን አንከትበትም ካሉት ቦታ ሸሸጉት። የሁንዴ ሚስት ማን ገደለብኝ እያለች ስድስት ቀን በራችን ላይ ስታለቅስ፣ እሳቸው ይደብቁልህ ነበር። የገደልከው የደበቀህን ሰው ነው።»

ይህን ስትናገር ለልጁም ለአባቱም አዘነች፤ ለሁለቱም ተናደደች። የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አላወቀችም።

ፈርሃትን ሲወስዱት ጎረቤቱ ከአጥሩ ላይ አንድ በአንድ ወረደ። ጋዲሴን ይቅርታ ያላት የለም።

«መድኃኒቱን ትወስዱታላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ማስረጃ ነው።»

ጋዲሴ በቀስታ ራሷን ነቀነቀች። አመድ በሳፋ አምጥታ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያዋን ዶሮ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ክንፏን ገልጣ አመዱን ነሰነሰችባት።

«እንጨቱ ሳይረጭ አመዱ ብዙም አይረዳቸውም» አለች ቀና ሳትል። «ቅንቅኑ ዛሬ ማታም ይበላቸዋል እኮ።»