የቢቢ ማቲልዳ አውራ ጣት

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ካላመናችሁ ተዉት፣ ማንም አልለመናችሁም።

ዳሬሰላም፣ ታንዳሌ ሰፈር። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጨለማና ጅብ የምትጠብቁ ካላችሁ ሌላ ቻናል ፈልጉ።

ሻባኒ እባላለሁ። ዘንቢሌን አንጠልጥዬ በየቤቱ እየዞርኩ የሴት ጥፍር እቀባለሁ። ደንበኞቼን ስንቃቸው ነው የኖርኩት። ከሁሉም የባሰ የምንቃት ቢቢ ማቲልዳን ነበር።

ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት፤ ቢቢ በእኛ ቋንቋ አያቴ እንደማለት ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ግን እሁድ ከመዘምራን ጋር ስትቆም ጥፍሯ ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እስቲ አሁን እሷን ማን ሊያያት ነው!

ቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥቶባት ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ብሏታል፦ "ጥፍር ሥር ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። እንዲህ ያለ መስመር ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። ጥቁሩ ጥፍሩን አልፎ ቆዳው ጋ ከደረሰ ግን ካንሰር ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ይምጡ።"

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለሙን በአሴቶን ሳስለቅቅላት ታንሾካሹካለች...

"ሻባኒ... ደርሷል?"

"አልደረሰም ቢቢ።"

"በደንብ እየው የኔ ልጅ።"

"አየሁት እኮ! ስንቴ ልይ?"

የዚያን ቀን ግን...

ደርሷል።

ከጥፍሩ ሥር ያለው ቆዳ ጠቁሯል።

ብነግራት ታለቅሳለች። ከዚያ ክሊኒክ ውሰደኝ ትላለች። ኳስ ሊጀመር ደግሞ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።

"ደርሷል?"

"አልደረሰም።"

ቀዩን ቀባሁበትና ውልቅ አልኩ።

ኳስ የሚታይበት ቤት በር ላይ ስደርስ እግሬ አልገባ አለኝ። ራሴን ተጸየፍኩት። ኤዲያ፣ ሰው ነኝ ብዬ! እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ግቢው ጋ ስደርስ ድምጿን ሰማሁ። ከሰው ጋር ታወራለች።

በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ዘርግታለች። ፊት ለፊቷ በርጩማ አለ...

ባዶ።

አውራ ጣቷን አየሁት። አሁን የቀባሁት ቀይ የለም። ጥቁሩ የጣቷን መጋጠሚያ አልፏል።

"ቢቢ፣ ዋሽቼዎት ነው። ደርሷል! ይነሱ፣ ክሊኒክ እንሂድ።"

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"አንተ ደግሞ ማነህ?"

"ሻባኒ ነኝ!"

"ሂድ ወዲያ! ሻባኒ ይኸው እየቀባኝ አይደል እንዴ? ሳላሳምረው ሄድኩ ብሎ ተመለሰልኝ።"

ከዚያ ወደ ባዶው በርጩማ ጎንበስ አለች።

"ሻባኒ... ይሄ ሰውዬ የሚለው እውነት ነው? ደርሷል?"

"አልደረሰም ቢቢ።"

የእኔ ድምፅ ነው። ያው ስልቹው፣ ያው ናቂው ድምፄ። እኔ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት።

"ሌባ! ኧረ ሌባ! ድረሱልኝ!"

ጎረቤት ሲሯሯጥ ይሰማኛል። በእኛ ሰፈር ሌባ የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁ። ለቀቅኳት።

እጇን መልሳ ዘረጋችለት።

ጥፍሯ ሥር ቀይ ነጥብ ብቅ አለ። ብሩሽ የለም፣ እጅ የለም። ቀዩ ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይዝረከረክ ጥፍሩን ሞላው...

ከዚያ ጥፍሩን አለፈና ጥቁሩን ቆዳ መሸፈን ጀመረ።