«አማት» ስሟ ሳይጠራ ያለቀሰች ቀን

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ፊቱን እንደ ኮሶ ጠጪ አጨማዶ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ነበር። የጣቢያው ሳጅን፣ ሰውየው ሲሞት ምን ያህል እንደተሠቃየ ፊቱን አይቶ መረዳት ይቻላል አላት። እሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎች ቀና ብላ አየች። በሁሉም ላይ ሰውየው ጊታር አንግቷል፤ በሁሉም ላይ ፊቱ ያው ነው።

«ሲጫወትም እንዲህ ነበር» አለች። «ሥቃይ የሥራ ልብሱ ነው።»

ከተማው «ጌታው» ይለው ነበር። ብሉዝ የሚባለውን የብሶት ሙዚቃ ከእሱ በቀር በስሜት የሚጫወት ፍጡር ከፀሐይ በታች እንደሌለ አንደኛ ራሱ፣ ሁለተኛ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት፣ ሦስተኛ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ሐያሲ ይመሰክሩ ነበር። አንዲት ክር ገፍቶ ሲያስለቅስ የተጣሉ ይታረቃሉ፣ የሰፈር ውሾች መጮህ ያቆማሉ፣ የታመመ ጥርስ ይሻለዋል ይባላል። ለጊታሮቹም ስም ያወጣል። ቀይዋ «ወይዘሮ» ናት። ቡናማዋ የሰው ገመና ስለምታወጣ «ጎረቤት»፤ ጥቁሯ ደግሞ ያለ ምክንያት ስለምታለቅስና ሁልጊዜ እሷ ትክክል ስለሆነች «አማት»። ስሟን ሳይጠራ አንዷንም ነክቶ አያውቅም። «አማቴ! ተነሺ፣ እንማረር!» ብሎ ይጮሃል፤ መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ በድንጋጤ የደንበኛውን ጆሮ ሊቆርጥ ደርሶ ያውቃል።

ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ እንደያዘው አስረዳ። ጌታው ፎቅ ላይ ባለችው መለማመጃ ክፍል ብቻውን ሲጫወት፣ ሚስቱ፣ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤትና ሐያሲው ምድር ቤት ሆነው ሰምተዋል። ሙዚቃው ቆመ። ሚስቲቱ ሻይ ይዛ ወጣች። ጩኸት ተሰማ። ሰውየው በማይክራፎኑ ማቆሚያ ብረት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቷል። ሙዚቃው ከቆመ በኋላ ከእሷ በቀር ወደ ላይ የወጣ የለም፤ ስለዚህ ገዳይዋ እሷ ናት። የእጅ ሰንሰለቱን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ ያሽከረክረዋል።

«ልሰራት?» አለ።

«ሙዚቃው ቆመ ያልከውን መጀመሪያ ልስማው» አለች መርማሪዋ። ሙዚቃ አትወድም ነበር። ሙዚቀኞችን ደግሞ ከሙዚቃም የባሰ አትወድም።

የሙዚቃ ቤቱን ባለቤት አስቀደመችው። ሆዱ ከእሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ጌታውን ከመንገድ አንስቶ ሰው ያደረገው እሱ እንደሆነ፣ ያለ እሱ ብሉዝ የሚባል ነገር በዚህ አገር እንደማይታወቅ ሲዘረዝር ታገሠችውና፣ ጩኸቱን ሰምቶ ሲወጣ ያየውን ጠየቀችው።

«ስኒው ተሰብሯል፣ ሻዩ ወለሉ ላይ ይጨሳል። ሴትዮዋ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ደሙን ረግጬ እንዳልንሸራተት ፈርቼ ነበር፤ ተመስገን፣ ደርቆ ነበር።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። የተናገረውን አልሰማውም፤ የራሱን ወሬ መስማት ከተወ ቆይቷል።

ሐያሲው እንደ ስልክ እንጨት የረዘመና የቀጠነ ነበር። የዕለቱ ጨዋታ ጌታው በሕይወቱ ከተጫወተው ሁሉ የሚበልጥ፣ እንዲያውም የሰው ልጅ ክር ከወጠረ ወዲህ ያልተሰማ እንደሆነ ተናገረ። ከጌታው በቀር ሌላ ሰው ሊጫወተው ይችላል ወይ ብትለው፣ ጥያቄው ራሱ ጆሮውን እንዳሳመመው በእጁ አሳየ።

«አለቀስክ?» አለችው።

«ሐያሲ ይመዝናል እንጂ አያለቅስም።»

ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። አጭር፣ ደረቱ ጠባብ፣ ከወንድሙ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጃቢ ጊታር ሲመታ ያረጀ። ዘፈን ሳይቆጥር ጀምሮ ስለማያውቅ ሁሉም «ቆጣሪው» ይሉታል። ሲያወራም ጣቱ ጉልበቱ ላይ ይቆጥራል። ክር ሊገዛ ወጥቶ እንደነበርና ሙዚቃው ሲያበቃ በፊት ለፊቱ በር እንደገባ ነገራት። የክሩን ፓኮም አሳያት።

«አንተስ እንደዚያ ትጫወታለህ?»

«ማን፣ እኔ?» ቆጣሪው ፈገግ ሊል ሞከረ። «ወንድም ጋሼ የስፌት መኪና ነው የሚለኝ።»

በሩ ላይ የቆመው ባለቤት ሳቀ። ሐያሲው ሳቀ። ሳጅኑ ከሁለቱም ጋር ያልተዋወቀ ቢሆንም አብሮ ሳቀ። ቆጣሪው ጣቱን አላቆመም።

ሚስቲቱ ከባሏ እኩል ቁመት ያላት፣ እንባዋን ጨርሳ ደረጃው ላይ የተቀመጠች ሴት ናት። ሰንሰለቱን እያየች ነበር የምትመልሰው። ባሏን ገድላዋለች ወይ ሲሏት፣ ሃያ ጊዜ ልገድለው አስቤ ሃያ ጊዜ ሻይ አፍልቼለታለሁ አለች። ከዚያ፣ እንደ ተራ ነገር፣ አንድ ነገር ጨመረች፦

«ዛሬ ስሟን ሳይጠራ ነው የጀመረው። ከአማት ጋር ተጣልተው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ሐያሲው ምን ያደርግ ነበር?»

«ብቻውን ሶፋው ላይ ሆኖ መሐረቡን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ይነፈርቅ ነበር። ትሪ ይዤ ሳልፍ ደበቀው።»

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ጥቁሯ ጊታር የድምፅ ማጉያው ላይ ተደግፋለች። አንገቷ ላይ አስገብታ አየቻት። በፎቶግራፎቹ ላይ ጌታው ጊታሩን ጭኑ ድረስ አንጠልጥሎ ነው የሚጫወተው፤ አሁን ግን ማንገቻው አጥሮ ጊታሯን ደረቷ ላይ አጣብቆ ያዛት። ወደ ጓሮ የሚያስወጣውን የክፍሉን በር ከፈተች። የብረት ደረጃው ወደ ታች ይወርድና በሳሎኑ መስኮት በኩል ያልፋል።

ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐያሲው ሶፋውን ብቻውን ያዘ፤ ባለቤቱ ሁለት ወንበር ያዘ።

«ሻዩ ሲጨስ ደሙ ደርቆ ነበር» ብላ ጀመረች። «ሳጅን፣ ሻይ ሳይበርድ ደም አይደርቅም። ሰውየው የሞተው ሙዚቃው ከቆመ በኋላ ሳይሆን ሙዚቃው ሳይጀመር ነው። እናንተ ስታደንቁ የቆያችሁት ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሲጫወት የነበረን ሰው ነው።»

ሳጅኑ ሰንሰለቱን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ጌታው ሳይጠራት ጊታር አይነካም። ዛሬ ግን አማት ሳትጠራ አለቀሰች። ይህን ያስተዋለች አንዲት ሴት ናት፤ እሷንም ልታስሯት ነው። የተጫወተው ሰው ማንገቻውን አሳጥሯል፤ ስለዚህ አጭር ነው። ሚስቲቱ ረጅም ናት። ሐያሲው ቢያሳጥረው ጊታሩ አገጩ ሥር ይገባል። ባለቤቱ አጭር ነው፣ ግን ያ ማንገቻ ያንን ሆድ ዞሮ አይመለስም። ከተጫወተ በኋላ በጓሮ ደረጃ ወርዶ፣ ዞሮ በፊት ለፊት የገባ አንድ ሰው ይቀራል።»

ሁሉም ወደ ቆጣሪው ዞሩ፤ ዞረውም ሳቁ።

«እሱ?» አለ ባለቤቱ። «እመቤቴ፣ ይህን ከማምን ደረቴን ቢወጉት ይሻለኛል።»

«ያ ጨዋታ ነፍስ ነበረው» አለ ሐያሲው። «ይህ ሰው ቁጥር ነው ያለው።»

ቆጣሪውም አንገቱን ደፍቶ፣ እውነታቸውን ነው አለ። ሳጅኑ ሰንሰለቱን እንደገና አወጣ፤ ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሺ» አለች መርማሪዋ ማስታወሻዋን እየዘጋች። «ምናልባት እውነታችሁን ነው። ደግሞስ ምን ያስደንቃል? መንገድ ማዶ ሆነው የሰሙት ዛሬ ጨዋታው ደረቅ ነበር ይላሉ። ቀዝቃዛ። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ይመስል ነበር አሉ።»

አንድም ሰው እንዲህ አላላትም። ሐያሲው ግን ነፋስ የዞረ መሰለው።

«እውነቱን ለመናገር» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔም አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ታዝቤ ነበር። ጨዋነት ይዞኝ እንጂ።»

«ውሸታም።»

ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባቸው። ቆጣሪው ቆሟል።

«አልቅሰሃል አንተ። መሐረብህን አፍህ ውስጥ ከተህ እዚያው ሶፋ ላይ ስትነፈርቅ በዓይኔ አይቼሃለሁ። በመስኮቱ አይቼሃለሁ።»

«በየትኛው መስኮት?» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «በፊት ለፊት በር ለሚገባ ሰው ሶፋው አይታይም። መስኮቱ ያለው በጓሮው ደረጃ በኩል ነው፤ ሴትዮዋ ትሪ ይዛ ስታልፍ ደግሞ መሐረቡ ተደብቋል።»

ቆጣሪው ጣቱን አየ። መቁጠር አቁሟል።

ቀሪውን ሳይጠየቅ ነገራቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጊታር ሊገዛ ነበርና ያሰበላትን ስም ለወንድሙ ሊነግር በጓሮው ደረጃ ወደ ፎቅ ወጣ። ወንድሙ ስሙን እንኳ ሊሰማ አልፈለገም። «ስም የሚያወጣ የሚያለቅስ ሰው ነው፤ አንተ ቁጥር ስጣት» ብሎ ፊቱን ወደ ማጉያው አዞረ። የማይክራፎኑ ማቆሚያ ብረት ቅርብ ነበር።

«ልሮጥ ነበር» አለ። «ግን ክፍሉ ዝም አለ። በዕድሜዬ እኔ ጊታር ስይዝ የማይስቅ ክፍል ያየሁት ዛሬ ነው።»

«ከዚያ በኋላም ዝም አልክ» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ የሚባል አልነበረም። «ሻይ ይዛ ከመውጣት በቀር ያልበደለችውን የወንድምህን ሚስት ሊያስሯት ሰንሰለት ሲያሽከረክሩ ተቀምጠህ አየህ። የነካህ የሷ መታሰር ሳይሆን የጨዋታህ መነቀፍ ነው። ከወንድምህ የወረስከው ይህን ከሆነ፣ በደንብ ወርሰሃል።»

ቆጣሪው ወደ ሚስቲቱ ዞረ። ይቅርታ የሚጠይቅ መስሏቸው ነበር።

«እትዬ» አለ፣ «እውነት ደረቅ ነበር?»

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየችው። ልትተፋበት የፈለገች ትመስል ነበር፤ ምናልባትም ፈልጋለች።

«ታች ሆኜ ስሰማ» አለች፣ «ባሌ ዛሬ ገና ጊታር ተማረ ብዬ ነበር።»

ቆጣሪው ሁለት እጆቹን ለሳጅኑ ዘረጋ። አልቆጠረም።